ጉባኤ ሲፈታ የሚተርፈው

ከሪያድ እስከ አዲስ አበባ፦ ታላላቅ ስብሰባዎች በምድር ላይ የሚጭኑት ሸክምና የሚቀልበት መንገድ

በኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የሳዑዲ ዐረቢያ ርእሰ ከተማ ሪያድ፣ ለዐሥር ዓመታት ያህል ምድር እየፈለፈለችና ድልድይ እየዘረጋች ስትደክምለት የኖረችውን የከተማ ባቡር ለሕዝብ ከፈተች፤ በማግሥቱ ኅዳር 23 ቀን ደግሞ በረሃማነትን ለመከላከል የቆመው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አባል አገሮች ዐሥራ ስድስተኛውን ጉባኤያቸውን በዚችው ከተማ ጀመሩ። ሁለቱ ቀናት ተከታትለው መምጣታቸው የጉባኤን ነገር በጥሞና ለሚመረምር ሰው አንድ ብርቱ ጥያቄ ያቀርብለታል፤ ይኸውም፣ ስለ ምድር ድካም ሊመክር ከአራቱ ማዕዘነ ዓለም የተጠራ ሸንጎ፣ መጥቶና ሰንብቶ ወደየአገሩ እስኪመለስ ድረስ፣ ራሱ ምድርን ምን ያህል ያደክማታል? የሚል ነው።

ጉባኤው የዋለበት ሥፍራ በከተማው ሰሜናዊ ክፍል የሚገኘው፣ ቡሌቫርድ ሪያድ ሲቲ የሚባለው የመዝናኛ ሰፈር ነበር። ይህ ሥፍራ በሌላው ጊዜ ዘፈንና ትርኢት የሚታይበት፣ ቤተ ሰብ ልጆቹን ይዞ የሚንሸራሸርበት፣ ከግዙፍ የምስል ሰሌዳዎችና ከመብራት ብዛት የተነሣ ሌሊቱ ቀን የሚመስልበት አደባባይ ነው። በዚህ አደባባይ ሚኒስትሮችና አምባሳደሮች፣ የአፈር ሊቃውንት፣ የገበሬና የአርብቶ አደር ወኪሎች፣ ነጋዴዎችና ወጣቶች፣ በጠቅላላው ከ20,000 የሚበልጡ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ሰማያዊ ቀጣና በተባለው ክፍል ልዑካኑ በውሳኔ ቃላት ላይ ሲከራከሩ፣ በዚህ ስምምነት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተዘጋጀው አረንጓዴ ቀጣና ደግሞ ኩባንያዎችና ማኅበራት ሥራቸውን ለተመልካች ያቀርቡ ነበር።

ይህ ስምምነት ሰኔ 10 ቀን 1986 ዓ.ም. በፓሪስ ከጸደቀ ወዲህ ሠላሳ ዓመት የሞላው ነው። ድርቅና የአፈር መከላት ምን እንደሆነ በገዛ ሥጋዋ ለቀመሰች ለኢትዮጵያ ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። የሪያዱም ጉባኤ ድርቅን ለመቋቋም ለተመሠረተው ዓለም አቀፍ ትብብር ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቃል ሲያስገባ፣ አገሮችን ሁሉ በሕግ የሚያስገድድ የድርቅ ውል ግን ሳያስማማ፣ ነገሩን በሞንጎልያ ለሚደረገው ለቀጣዩ ጉባኤ አሳልፎ ተፈጽሟል። እንዲህ ያለ ምክር ለዓለም ያስፈልጋልን? ቢባል፣ ያለ ጥርጥር ያስፈልጋል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ነገር፣ የሚያስፈልገውን ጉባኤ የማያስፈልገውን ጥፋት ሳያስከትል እንዴት ማካሄድ ይቻላል? የሚለው ነው።

የአንድ ሰሞን ከተማ

ብዙ ሰው በአንድ ሥፍራ መሰብሰብ ወጪና ድካም ማስከተሉ የዛሬ ነገር አይደለም። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ325 ዓ.ም. አበውን ወደ ኒቅያ በጠራቸው ጊዜ የመንግሥቱን መጓጓዣ ከብቶችና ሠረገላዎች እንዲጠቀሙ ፈቅዶ፣ በሰነበቱበትም ዘመን ሁሉ ቀለባቸው ከቤተ መንግሥት እንዲሰፈር አዝዞ እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊ አውሳብዮስ መዝግቦልናል። ይሁን እንጂ ሠለስቱ ምዕት የበሉት ከአካባቢው እርሻ የወጣ፣ የተቀመጡበትም ቤት ከእነርሱ በኋላ የሚኖር ቤት ነበርና፣ ጉባኤው ሲፈታ በምድር ላይ የቀረው ትራፊ ጥቂት ነበር።

የዛሬው ታላቅ ጉባኤ ግን ለሁለት ሳምንት ብቻ የምትቆረቆር ከተማ ማለት ነው። መብራትና ውኃ፣ ወጥ ቤትና ሐኪም ቤት፣ ጥበቃና ማጓጓዣ፣ የአስተርጓሚዎች ክፍልና የጋዜጠኞች አዳራሽ ሁሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይዘረጉላታል፤ መዝጊያው ከተነገረ በኋላ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይፈርሳሉ። ሥራውን በቅርብ የሚያውቁ የዝግጅት ሰዎች እንደሚናገሩት፣ አዳራሹን ለመትከል ሳምንታት ሲሰጡ ለመንቀል የሚፈቀደው አንድ ሌሊት ወይም ሁለት ሌሊት ብቻ ነው፤ በሥፍራው ሌላ ትርኢት ወረፋ ይጠብቃልና። ተነቅሎ በጥንቃቄ ሊቀመጥ ይችል የነበረው ሰሌዳና ጨርቅ፣ ሣንቃና ምንጣፍ በቢላዋ ተቀዶ በጭነት መኪና ወደ ቆሻሻ መድፊያ የሚሄደው በዚህ ጥድፊያ ምክንያት ነው።

«መልሶ ለማንሣት ጊዜ ያልተመደበለት ዕቃ፣ ገና ሳይተከል ቆሻሻ ሆኗል።»

ከደጃፍ ውጭ ያለው ሸክም

በጉባኤ አዳራሽ ውስጥ በዓይን የሚታየው ብክነት የወረቀትና የላስቲክ ጠርሙስ ክምር ስለሆነ፣ የብዙ ሰው ሐሳብ በእነርሱ ላይ ያርፋል። ነገሩን የመረመሩት ሊቃውንት ግን፣ ከአገር ወደ አገር በሚደረግ ጉባኤ ከባቢ አየርን ከሚያውከው ጢስ አብዛኛው ተሰብሳቢዎቹ በመጡበት አውሮፕላን የሚወጣ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። አንድ ልዑክ በአዳራሹ ውስጥ ወረቀት ሳይነካ ቢሰነብት እንኳ፣ ከአገሩ እስከ ሪያድ ደርሶ ለመመለስ ያቃጠለው ነዳጅ የቁጠባውን ፍሬ ብዙ ጊዜ እጥፍ ይበልጠዋል።

ሪያድ ራሷ በዚህ ረገድ ለዓለም የተለየ ምስክር አላት። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የቡድን 20 አገሮች መሪዎች ጉባኤ ተረኛ አስተናጋጅ ሳለች፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መሪዎቹ ሁሉ ከየመናገሻ ከተማቸው ሳይነሡ በምስል መስኮት ተገናኝተው መከሩ። ያ ጉባኤ፣ የተዘጋጀ ንግግር ለማሰማትና ቀድሞ የታረቀ መግለጫ ለማጽደቅ ሲባል ብቻ ባሕር መሻገር ግዴታ እንዳልሆነ አስረዳ።

ይሁንና ነገሩ ሌላ ገጽ አለው። የድርድር ልምድ ያላቸው የታዳጊ አገሮች መልእክተኞች፣ መስመር በሚቆራረጥበት አገር ሆኖ በምስል መስኮት መከራከር ድምፅን እንደማጣት የሚቆጠር መሆኑን፣ የከረረ ነገርም የሚላላው በአዳራሹ ውስጥ ሳይሆን በመተላለፊያው ላይ፣ ቡና ተይዞ በሚደረግ ጭውውት መሆኑን ይናገራሉ። ሐሳባቸው እውነትነት አለው። ስለዚህ መፍትሔው ሁሉን ስብሰባ ማስቀረት ሳይሆን ተሰብሳቢውን ከሁለት መለየት ነው፤ የሚደራደረው ሰው ይምጣ፣ ለማየትና ለመታየት ብቻ የሚመጣው ግን ካለበት ሆኖ ይከታተል። በዱባይ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ከ80,000 በላይ ሰዎች በተገኙ ጊዜ፣ ከእነዚህ መካከል የውሳኔ ቃል ሊያርሙ የመጡት ስንት ናቸው? ብለው የጠየቁ ብዙዎች ነበሩ፤ ጥያቄያቸውም ዛሬም ቢሆን መልስ የሚሻ ነው።

ከአውሮፕላን ከወረዱ በኋላ ያለው መንገድም ቀላል ነገር አይደለም። ሪያድ እጅግ ሰፊ፣ ለዘመናት በመኪና ብቻ ስትንቀሳቀስ የኖረች ከተማ ናት። ትላልቅ የንግድና የቴክኖሎጂ ትርኢቶች ከመሐል ከተማው በስተ ሰሜን ርቆ በሚገኘው በመልሃም አዳራሽ ሲደረጉ፣ ተሰብሳቢው በመኪና ሰልፍ ውስጥ ረጅም ሰዓት ያሳልፋል። የንጉሥ ዐብደላህ የፋይናንስ ወረዳ የጉባኤ አዳራሽ ግን ሦስት የባቡር መስመሮች በሚገናኙበት ጣቢያ አካባቢ ይገኛል፤ ከእነርሱም አንዱ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚነሣ ነው። የአዳራሽ ምርጫ እንግዲህ በአሽከርካሪዎች ቁጥር፣ በነዳጅና በአየር ጥራት ላይ አስቀድሞ የተሰጠ ፍርድ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ስለ ዳስ

በትርኢት አዳራሽ ውስጥ ለአሳዪዎች የሚሠሩት ዳሶች አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚታነጹ ናቸው። ሣንቃው በልክ ይቆረጣል፣ ይቀባል፣ የጉባኤው ስምና ዓመተ ምሕረት ያለበት የላስቲክ ጨርቅ ይለጠፍበታል፤ ወለሉም ሰው ሠራሽ በሆነ ቀጭን ምንጣፍ ይሸፈናል። ቀኑ የተጻፈበት ጨርቅ በሚቀጥለው ዓመት አይሰቀልም፣ በሙጫ የተያዘው ምንጣፍ ሲላቀቅ ይቀደዳል፣ ቀለምና ላስቲክ የተዋሐደው ሣንቃም ተፈጭቶ ለሌላ ሥራ ለመዋል ያስቸግራል። በአንጻሩ ተገጣጥሞ የሚፈታ የአሉሚኒየም አውታር፣ ታጥቦ የሚመለስ ጨርቅ፣ ዓመተ ምሕረት ያልተጻፈበት ሰሌዳ፣ ያለ ምንጣፍ የተተወ ንጹሕ ወለል፣ ዋጋቸው መጀመሪያ ቢከብድም ለብዙ ዓመት ያገለግላሉ።

ይህ ጥበብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የአንድ ሰፈር እድር ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ድስቱንና ሳሕኑን በአንድ ቤት አኑሮ፣ ለሐዘኑም ለሠርጉም እያወጣ፣ የተሰበረውን እያስጠገነ፣ የጎደለውን አባላቱን እያስተካ ለትውልድ ያሻግረዋል፤ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ለየድግሱ አዲስ ድንኳን ይግዛ ብሎ የሚያስብ የእድር ሹም የለም። ታላላቅ የጉባኤ ከተሞች የሚያስፈልጋቸው ይኸው ሥርዓት ነው፤ አንድ የጋራ ግምጃ ቤት፣ ዕቃውን ቈጥሮ የሚሰጥና ቈጥሮ የሚረከብ ኀላፊ፣ ዕቃ ያጠፋውም የሚጠየቅበት ደንብ።

ከዳሱ በላይ ደግሞ የአዳራሹ ነገር አለ። ዱባይ የአየር ንብረቱን ጉባኤ ያስተናገደችው አስቀድሞ ለዓለም ትርኢት በተሠራው ሥፍራ ነበር። ሪያድም በኅዳር 2016 ዓ.ም. የእ.ኤ.አ. 2030ን የዓለም ትርኢት ለማዘጋጀት ተመርጣለች፤ የሚሠሩት ሕንፃዎች ትርኢቱ ባለፈ ማግሥት ምን እንደሚሆኑ ከመሠረታቸው አስቀድሞ መታሰብ አለበት የሚለው የሕንፃ ሊቃውንት ምክር ለእርሷ ወቅታዊ ነው። ለዚህ ምክር ከሁሉ የሚበልጠው አብነት ግን በአዲስ አበባ ይገኛል። በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ታንጾ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተወለደበት ነው፤ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕልም እስከ ዛሬ ብርሃንን በኅብረ ቀለም ያስገባበታል። ይህ ቤት ሲያረጅ አልፈረሰም፤ ለዓመታት በጥንቃቄ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግመኛ ተከፈተ። አዲስ ሲሚንቶና ብረት ለመሥራት የሚነደው ኀይል እጅግ ብዙ ነውና፣ ያለውን ቤት አድሶ መገልገል ታላቅ ቁጠባ ነው።

«የቆመ አዳራሽን ማደስ፣ አዲስ ከመትከል የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።»

ማዕድና ክብር

በዐረቦች ዘንድ እንግዳን ማክበር የሃይማኖትም የትውፊትም ግዴታ ነው፤ በሰፊ ትሪ ላይ የተከመረ ሩዝና ሥጋ፣ እንግዳው በልቶ ጠግቦ ከተነሣ በኋላም ሳይጎድል መታየቱ የቤቱን ባለቤት ያስከብራል። በዚህ ነገር እኛ ኢትዮጵያውያን እነርሱን ለመውቀስ ድፍረት የለንም፤ መሶቡ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ደጋሹ የሚያፍርበት ባህል የእኛም ነውና። ነገር ግን በአንድ ቤት ድግስ የተረፈው ለጎረቤትና ለነዳያን ሲደርስ፣ በሺህ በሚቈጠሩ እንግዶች ማዕድ የተረፈው የሚደርስበት ጎረቤት የለውም። በሳዑዲ ዐረቢያ የእህል ድርጅት የታተመ ጥናት፣ በአገሩ ከሚቀርበው ምግብ ሲሶ ያህሉ እንደሚጠፋና እንደሚባክን አስታውቋል።

የሆቴል ወጥ ቤት ኀላፊዎች የብክነቱን ሥር ሲያስረዱ ከቁጥር ይጀምራሉ። አዘጋጁ ተመዝጋቢውን ሁሉ ይመጣል ብሎ ያዝዛል፤ ከተመዝጋቢው ብዙው ይቀራል፤ የመጣውም በስብሰባ ተይዞ ምሳውን ያሳልፋል። ከዚያም በላይ የመጨረሻው ተመጋቢ እንኳ የመጀመሪያው ያየውን ያህል የሞላ ትሪ እንዲያይ ስለሚፈለግ፣ ወጥ ቤቱ መዝጊያው ሰዓት እስኪደርስ ድረስ ትሪውን ይሞላል። መድኀኒቱም በዚያው ይገኛል፤ የምሳን ቁጥር በዋዜማው ማረጋገጥ፣ ትልቁን ትሪ በትንንሽ ሳሕን ለውጦ እንዳለቀ መተካት፣ ከሥጋ ይልቅ የእህልና የአትክልት ምግብ ማብዛት፣ የተረፈውንም ለማን እንደሚሰጥ ከበዓሉ በፊት መዋዋል ናቸው።

በዚህ በመጨረሻው ነገር ሳዑዲ ዐረቢያ የሚያስመሰግን ሥራ አላት። ኢጥዓም የተባለው የምግብ ባንክ ከሆቴሎች፣ ከሠርግ ቤቶችና ከታላላቅ ግብዣዎች የተረፈውን ያልተነካ ምግብ እየሰበሰበ፣ በንጽሕና አሽጎ ለችግረኞች ያደርሳል። ሥራው ጥብቅ ሥርዓት ይጠይቃል፤ በእንግዶች ፊት ቀርቦ የተነካካው አይወሰድም፣ በወጥ ቤት የቀረው ትኩስ ምግብ በትኩስነቱ፣ ቀዝቃዛውም በቅዝቃዜው ተጠብቆ በፍጥነት መነሣት አለበት። ስለዚህ ተረካቢው አስቀድሞ ካልተጠራ፣ በጎ ፈቃድ ብቻውን ምግቡን ከመበላሸት አያድነውም። ጌታችን አምስት ሺሁን ሕዝብ በምድረ በዳ ካጠገበ በኋላ ፍርፋሪው እንዲሰበሰብ ያዘዘው፣ በረከት ሲበዛ ጥንቃቄው እንዳይላላ ሊያስተምረን ነው።

ውኃ በተገዛበት አገር

ሪያድ ወንዝም ባሕርም የሌላት ከተማ ናት። የምትጠጣው ውኃ አብዛኛው በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ በጁበይልና በአካባቢው ጨዉ ተለይቶ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ፣ ከባሕር ወለል ወደ 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ተገፍቶ የሚደርስ ነው፤ በመሆኑም በእያንዳንዱ ብርጭቆ ውስጥ የነደደ ኀይል አለ። በጉባኤ ጠረጴዛ ላይ ተከፍታ ግማሿ ብቻ የተጠጣች ጠርሙስ በዚህ አገር ላስቲክና ውኃ ብቻ ሳትሆን ነዳጅም የፈሰሰባት ናት። ልዑካን የየራሳቸውን መጠጫ ይዘው ከመቅጃ እንዲሞሉ ማድረግ በሌላው አገር መልካም ጠባይ ቢሆን፣ በሪያድ አስፈላጊ ሥርዓት ነው። የወቅት ምርጫም እንዲሁ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የከተማው አየር ለስላሳ ስለሆነ፣ በሙቀቱ ወራት ንዳድ አዳራሽን ለማቀዝቀዝ ይጠፋ የነበረው ኀይል ይተርፋል።

ከተማይቱ የተበላሸውን ማዳን እንደምትችልም በዋዲ ሐኒፋ አሳይታለች። በምዕራባዊ ዳርቻዋ የሚያልፈው ይህ ሸለቆ ለብዙ ዘመን የድንጋይ መቈፈሪያና የቆሻሻ መጣያ ሆኖ ሲበከል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ተጠርጎና ተስተካክሎ፣ የከተማው ፍሳሽ በድንጋይ እርከንና በአየር፣ በደቃቅ ሕያዋንና በዓሣ እየጠራ የሚወርድበት፣ ቤተ ሰብም የሚናፈስበት ሥፍራ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2010ም የአጋ ኻን የሕንፃ ሽልማትን አገኘ። ይህን የሠራች ከተማ የጉባኤዋን ትራፊ በሥርዓት መያዝ ያቅታታል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ከመጋረጃ በስተኋላ

የጉባኤ ተሰብሳቢ በአዳራሹ መግቢያ ላይ ባለ ሦስት ቀለም ቅርጫት አይቶ ይደሰታል። ቅርጫቱ ከሞላ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን የሚያውቁት በስተኋላ በር የሚሠሩት ብቻ ናቸው። የቡና ዝቃጭ የፈሰሰበት ወረቀት ዳግመኛ ወረቀት አይሆንም፤ ወጥ የነካው ላስቲክ ንጹሑን ያበላሻል። ስለዚህ በመግቢያው የተለየው ቆሻሻ በስተኋላ በአንድ መኪና ተደባልቆ ከተጫነ፣ ልዩነቱ ለታይታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የጽዳት ሠራተኞች እንደሚሉት፣ መለየት የሚሳካው ቅርጫቶቹ ጥቂት ሲሆኑ፣ በአጠገባቸውም የሚያስረዳ ሰው ሲቆም፣ ከዚያም ይልቅ የሚጣለው ነገር ዓይነቱ ከመነሻው ሲያንስ ነው።

በሪያድ ይህን ሥራ የሚሠሩት ብዙዎቹ ከእስያና ከአፍሪካ ለእንጀራ የተሰደዱ ሰዎች ናቸው፤ በከተማይቱ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በጽዳትና በመስተንግዶ ሥራ ይደክማሉ። የዝግጅትን አመራር የሚወስነው አይሶ 20121 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ ዘመን ሲወጣ፣ አዘጋጆች የአየርና የቆሻሻን ነገር ብቻ ሳይሆን በሥራው የሚነኩትን ሰዎች ሁሉ እንዲያስቡ አዟል። ምድርን እናክብር የሚል ጉባኤ፣ ሌሊቱን የሚጠርግለትን ሰው በቂ ደመወዝና ዕረፍት ቢከለክለው ምስክርነቱ ጎዶሎ ነው።

ተራው የአዲስ አበባ ነው

ይህ ሁሉ ነገር ለእኛ የሩቅ ተመልካች ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሁለተኛውን የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ አስተናግዳለች፤ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ በብራዚል ቤሌም፣ ሠላሳ ሁለተኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2027 በአዲስ አበባ እንዲደረግ ተወስኗል። የአፍሪካ መዲና ለሆነች ከተማ ይህ ታላቅ ክብር ነው፤ ክብሩንም የሚመጥን ጥንቃቄ ይጠበቅባታል።

አዲስ አበባ የተሰጣት በረከት አለ። አየሯ ቀዝቃዛ ስለሆነ አዳራሾቿ እንደ ባሕረ ሰላጤው ከተሞች የማቀዝቀዣ ባሪያ አይሆኑም፤ የኤሌክትሪክ ኀይሏ ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚገኝ ነው፤ ለአፍሪካ ልዑካንም የአየር መንገዷ መስመሮች በቀጥታ የሚያደርሱ ናቸው። የጾም ማዕዷ ከሽሮና ከምስር፣ ከጎመንና ከአትክልት የሚዘጋጅ፣ ሌሎች አገሮች ለጉባኤ ሲሉ አዲስ ሊፈጥሩት የሚደክሙበት ሥርዓት ነው። ጉድለቷም ግልጽ ነው፤ ቆሻሻን ከመነሻው የመለየት ልምዷ ገና ጨቅላ ነው፣ ከሪያዱ ጋር የሚመጣጠን የምግብ ማዳረሻ ድርጅትም ገና ማጠንከር ይኖርባታል።

ከሪያድና ከሌሎቹ የሚቀሰመው ትምህርት ሲጠቃለል፣ የጉባኤ ብክነት የሚወለደው በቅርጫት አጠገብ ሳይሆን፣ ከወራት በፊት በዕቅድ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስንት ሰው ይጠራ፣ በየትኛው አዳራሽ ይቀመጥ፣ በምን ይጓጓዝ፣ ስንት ምሳ ይታዘዝ፣ ዕቃው ተከራይቶ ይምጣ ወይስ ይገዛ ተብሎ በሚቆረጥበት ሰዓት። ስለዚህ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ከፕሮቶኮሉና ከጥበቃው ሹማምንት እኩል ሥልጣን ያለው፣ የማያስፈልገውን ነገር «አይገዛም» ብሎ ለማስቆም የሚችል አንድ ሰው መቀመጥ አለበት፤ ጉባኤውም ከተፈታ በኋላ ስንት ምግብ ተረፈ፣ ስንቱ ተሰጠ፣ ስንቱ ተጣለ፣ ስንት ዕቃስ ወደ ግምጃ ቤት ተመለሰ የሚለው ሒሳብ ለሕዝብ በግልጽ መታተም ይገባዋል። አዲስ አበባ ይህን ሒሳብ ሳትሸሽግ ያቀረበች እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣ አስተናጋጅ ሁሉ ከእርሷ ባነሰ ጥንቃቄ ለመቅረብ አይደፍርም።